ከቤቢ ቤድ ወደ ትልቅ አልጋ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ቤቢ ቤድ ልጁን የሚይዘው በአጥሩ ነው። አጥሩ ሲቀር ሥራውን የሚረከቡት ክፍሉና የቤቱ ሥርዓት ናቸው። ከዝውውሩ በኋላ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚነሣው አልጋው ተቀይሮ ክፍሉ እንደነበረ ሲቀር፣ ወይም ልጁ ሳይደርስ ሲጣደፉበት ነው። እየዘለለ የማይወጣ ልጅ ከሆነ እስከ 3 ዓመቱ ገደማ ቤቢ ቤዱ ላይ ቢቆይ ይሻላል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ከአልጋህ አትውረድ» ሲባል ይሰማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ጠብቆ መቆየት ግን ገና አይችልም።

ከቤቢ ቤዱ እየተንጠላጠለ ይወጣል

ቆሞ ሳለ አጥሩ ከደረቱ በታች ከዋለ፣ ወይም ቁመቱ 90 ሴ.ሜ. ገደማ ከደረሰ አልጋው አንሶታል። ገና ካልደረሰ መጀመሪያ የፍራሹን ማስቀመጫ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቀዳዳ አውርዱት። ትራስ፣ ትልልቅ አሻንጉሊትና በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረውን ስፖንጅ አውጡ፤ እየረገጠ የሚወጣው በእነሱ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከወጣ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ከዚያች ማታ ጀምሮ ቤቢ ቤዱ ይቅር። ከአጥር ጫፍ በራስ መውደቅ ከዝቅተኛ አልጋ ተንከባሎ ከመውረድ እጅግ ይከፋል።

ሌሊት ይወድቃል

ባለ 90 አልጋ (ስፋቱ 90 ሴ.ሜ. የሆነ) ላይ ወፍራም ስፖንጅ ሲነጠፍበት የመኝታው ከፍታ ከ50 እስከ 60 ሴ.ሜ. ይደርሳል። ከሥሩ ደግሞ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ነው። ርካሹና ጥሩው መፍትሔ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍራሹን መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። ታዲያ በየጠዋቱ አንሥታችሁ ግድግዳ አስደግፉት፤ አለበለዚያ በተለይ በክረምት ከሥሩ ይረጥብና ይሻግታል። ቋሚ አልጋ ካስፈለገ አናጢው እግሩን ቆርጦ የመኝታውን ከፍታ ከ30 ሴ.ሜ. በታች ያድርገው።

የጎን መከላከያ የምታሠሩ ከሆነ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሴ.ሜ. ይቁም፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴ.ሜ. አይብለጥ። ትልቁ አደጋ በመከላከያውና በፍራሹ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። የልጁ ሰውነት በዚያ ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ስፖንጅ ከጊዜ ብዛት ስለሚሟሽሽ ዛሬ ልክ የነበረው ከወራት በኋላ ይሰፋል፤ በእጃችሁ እየገፋችሁ ፈትሹት። ተነቃይ መከላከያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ግድግዳ የተጠጋ አልጋም ሴራሚክ ላይ እየተንሸራተተ ይርቃልና ከእግሮቹ ሥር ጎማ አድርጉ።

ወድቆ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ካለ ወይም ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ንጹህ ፈሳሽ ከወጣ፣ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ደጋግሞ እየተነሣ ይመጣል

ከሁሉ የበረታው ቅሬታ ይህ ነው። ልጁ ሲወጣ የሚያገኘው ነገር አለ፦ እቅፍ፣ ወሬ፣ ስልክ፣ የእናትና አባት አልጋ። መፍትሔው ያንን ጥቅም ማስቀረት ነው። እጁን ይዛችሁ መልሱት፣ አስተኙት፣ «አሁን የእንቅልፍ ሰዓት ነው፣ ደህና እደር» በሉትና ውጡ። ሁለተኛ ሲመጣ ያንኑ ቃል ድገሙ። ከሦስተኛው ጀምሮ ዝም ብሎ መመለስ ብቻ ነው። መብራት አይበራም፣ ልመና የለም፣ ቁጣም የለም፤ ለልጅ ቁጣም ቢሆን ትኩረት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ቢብስም አትደንግጡ። ብዙ ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በአሥረኛው «በቃ፣ ና» ካላችሁት፣ የተማረው አሥር ጊዜ መምጣት እንዳለበት ነው። እናት ስትመልሰው አባት ካቀፈው፣ ወይም አያት «ብርድ ይመታዋል፣ እኔ ጋ ይተኛ» ካሉ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማታ በፊት ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ፤ ሞግዚትም የቀኑን እንቅልፍ በዚያው ሥርዓት ታስተኛው።

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ «መመለስ» ማለት ከእናንተ አልጋ ወደ ራሱ አልጋ ማለት ነው። አልጋውን ከጎናችሁ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ሲለምድ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ አርቁት። ክፍል ለብቻ ካለው ደግሞ በሩን ከውጭ አትቆልፉበት፤ እሳት ቢነሣ መውጫ ያጣል። በሩ ላይ የሚገጠም ዝቅተኛ የልጅ አጥር ይበቃል።

ሳይሰማ ተነሥቶ ቤት ውስጥ ይዞራል

አጥር የሌለው ልጅ በጨለማ የፈለገበት ይሄዳል። ወደ መኝታ ከመግባታችሁ በፊት የሚከተሉትን እዩ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ባልዲና በርሜል ተሞልቶ ያድራል፤ ጭንቅላቱ የሚከብደው ትንሽ ልጅ ሲያጎነብስ በራሱ ይገባና መውጣት አይችልም። 5 ሴ.ሜ. ውሃ እንኳ ሊያሰምጠው ስለሚችል ክዳን ግጠሙና የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፉ። ቁም ሳጥንና ኮመዲኖ መሳቢያው ተስቦ ሲወጣበት ይገለበጣል፤ ከበላዩ በማዕዘን ብረት፣ በፊሸርና በቪስ ከግድግዳ ጋር አጥብቃችሁ ያዙት። የከሰል ምድጃ፣ ፔርሙዝና ክብሪት እጁ የማይደርስበት ይቀመጥ። አልጋው ከመስኮት ሥር አይሁን፤ መስኮቱም ከ10 ሴ.ሜ. በላይ እንዳይከፈት ይያዝ።

ተኝቶም አይወስደው፣ ወይ ንጋት 11 ሰዓት ይነቃል

ብዙ ጊዜ ችግሩ የቀን እንቅልፍ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀኑም ይቆጠራል። ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ ካስተኛችሁት ማታ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ አትጠብቁ። የቀኑን በ15 ደቂቃ እያሳጠራችሁ ለጥቂት ቀን እዩት። ንጋት ላይ ለሚነቃው ደግሞ ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ ስቀሉ።

ጨለማ ይፈራል

በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ደብዛዛ ቢጫ መብራት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል በቻርጅ የሚሠራ መብራት አዘጋጁ፤ ሻማ ልጅ በሚተኛበት ክፍል አይበራም።

ፍራሹ ይርሳል

እስከ 5 ዓመት አልጋ ላይ መሽናት የተለመደ ነው፤ አትገሥጹት። ዳይፐር ማስተውንና አልጋ መቀየሩን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ፍራሹን በሚገባ የሚገጥም ውሃ የማያስገባ ልባስ አልብሱት። ልቅ ፌስታል ወይም ላስቲክ ግን ልጁን ሊያፍነው ይችላል።

ወባ ባለበት አካባቢ የቤቢ ቤዱ አጎበር ለትልቁ አልጋ ይጠባል። ልጁ መረቡ ላይ ከተለጠፈ ትንኟ በመረቡ ላይ ሆና ትነክሰዋለች፤ ሰፊ አጎበር ግዙና ጠርዙን ፍራሹ ሥር አስገቡት። በወጣ በተመለሰ ቁጥርም እንደገና ይከተት።

ታናሽ ሊወለድ ነው

ዝውውሩ ከወሊዱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን፤ ካልሆነም ሕፃኑ 3 ወይም 4 ወር እስኪሆነው ይቆይ። ቤቢ ቤዱን በዓይኑ እያየ ለታናሹ ከሰጣችሁበት እንደተቀማ ይቆጥረዋል። ትልቁን አልጋ ከለመደ በኋላ ቤቢ ቤዱን ለጥቂት ሳምንት ከዓይኑ ሰውሩት።

ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ እንቅልፉ እየባሰበት ከሄደ፣ ልጁ ገና 2 ዓመት ተኩል ያልሞላውና ከአጥሩ የማይዘል ከሆነ፣ ወደ ቤቢ ቤዱ መልሱትና ከወር ሁለት ወር በኋላ ሞክሩ። ስለዚህ ትልቁ አልጋ በመጣ ማግስት ቤቢ ቤዱን አትሽጡት።