በአሮጌ ራውተር ዋይፋይን እስከ ጓሮ ማድረስ

እናቴ ጸጥታ ስለምትወድ የምትተኛው በጓሮው ሰርቪስ ቤት ነው። እሑድ ማታ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ስትደውል ግን ጋቢዋን ተከናንባ ብርድ ላይ ትቆም ነበር። ከዋናው ቤት የሚመጣው ዋይፋይ እስከ ሰርቪስ ቤቱ አይደርስም። በመካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳና የማድ ቤቱ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ራውተር ነበረንና እሱን አውርጄ ሥራ ጀመርኩ።

አንዳንዱ አሮጌ ራውተር ያለ ገመድ ምልክቱን ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይቻላል። እኔ አልመክረውም። በአንድ ሬዲዮ እየተቀበለ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከቤቱ ዋና ራውተር ጋር በገመድ ማገናኘት አንድ ቀን ያደክማል እንጂ በኋላ ያሳርፋል።

ከማብራትዎ በፊት ራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከአዳፕተሩ ጋር ያስተያዩ። 9 ቮልት የሚፈልገውን በ12 ቮልት አዳፕተር ማቃጠል ቀላል ነው። ከዚያ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ መብራቶቹ እስኪጠፉና እስኪበሩ ድረስ ተጭነው ይያዙ፤ 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። የቀድሞው ቅንብር ሁሉ ይጠፋል። ኮምፒውተርዎን በአጭር የኔትወርክ ገመድ ከላን መሰኪያዎቹ (የቤት ውስጥ ዕቃዎች ከሚሰኩባቸው) በአንዱ ያገናኙና ከጀርባው የተለጠፈውን አድራሻ ብራውዘር ላይ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ውስጡ «አክሰስ ፖይንት» (በገመድ የመጣለትን ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) የሚል ምርጫ ካገኙ እሱን ይምረጡ፤ አብዛኛውን ሥራ ራሱ ይጨርስልዎታል። የእኔ አልነበረውም።

አሁን የምናገረውን እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡ፤ እኔ ሁለት ቀን የጠፋብኝ እዚህ ላይ ነው። ራውተር ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር አድራሻ ያድላል፤ ይህ ሥራ ዲኤችሲፒ ይባላል። በአንድ ቤት ውስጥ አዳዩ አንድ ብቻ መሆን አለበት። እኔ ይህን ሳልነካ አሮጌውን ከዋናው ጋር አገናኘሁት። ወዲያው ግማሹ ስልክ «ተገናኝቷል» እያለ ምንም ገጽ አልከፍት አለ። መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ዋናውን ራውተር ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁ። የባሰ ሆነ፤ ቀድሞ ደህና የነበሩትም ተራ በተራ ተቋረጡ። ነገሩ የተገለጠልኝ ሁለት ስልኮችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አድራሻቸውን ሳይ ነው፤ የአንዱ በ192.168.1፣ የሌላው በ192.168.0 ይጀምራል። ሁለተኛው አድራሻውን የወሰደው ወደ ኢንተርኔት መውጫ ከሌለው ከአሮጌው ራውተር ነበር።

ስለዚህ ከዋናው ጋር ሳያገናኙት በፊት የአሮጌውን አድራሻ ይቀይሩ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌውን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ቁጥሩ ግን ዋናው ራውተር ከሚያድላቸው ውስጥ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ዋናው የመጨረሻውን ቁጥር ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ 2 ነጻ ነው። ሲያስቀምጡት ገጹ ድንገት ይጠፋል። አይደንግጡ፤ ገመዱን ነቅለው ይሰኩና አዲሱን አድራሻ ጽፈው ይግቡ። ዲኤችሲፒውን የሚያጠፉት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ኮምፒውተርዎ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ከደጅ ይቀራል። አዲሱን አድራሻ በወረቀት ጽፈው ራውተሩ ላይ ይለጥፉት፤ ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ልክ እንደ ዋናው ያድርጉ፣ ጥበቃውን ደብሊውፒኤ2 (WPA2) የሚለውን ይምረጡ። ራውተሩ ከዚህ ያነሰ ጥበቃ ብቻ ካለው ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት፤ የቤትን በር ክፍት ከመተው አይለይም። ቻናሉ (ዋይፋዩ የሚያልፍበት የሬዲዮ መስመር) ግን ከዋናው ይለይ፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ዋናው በ1 ከሆነ ይህን ወደ 11 ይውሰዱት።

ሁለቱን ራውተሮች የሚያገናኘው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ሲገዙ ከውስጡ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ከስር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ይተውት። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለ ነበር፤ ጥግ ላይ ሲታጠፍ ተሰበረ። ውጭ የሚያልፈውን በፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡት፣ ከመብራት ገመድ ጋርም አንድ ላይ አያስሩት። አንዱን ጫፍ በዋናው ላን፣ ሌላውን በአሮጌው ላን ይሰኩ። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ለየት ያለው የአሮጌው የዋን መሰኪያ (ከውጭ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር የሚሰካበት) ባዶውን ይቅር።

ስልክዎን ይዘው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሂዱ። አንዳንድ ስልክ የደከመውን የሩቁን ምልክት አልለቅም ይላል፤ ዋይፋዩን አጥፍተው ሲያበሩት ቅርቡን ይይዛል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያስፈራ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ እንነቅላለን። ሰማዩ ሲጠቁር የጓሮውን ጫፍ የምትነቅለው አሁን እናቴ ናት።