የድሮ ባለቱቦ ቴሌቪዥን እንዴት ይታደሳል?

በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ የድሮ ቲቪ እጅህ ከገባ፣ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብለህ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። ለዓመታት ሥራ የፈቱ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ውስጣቸው ይደርቃል፣ ወይም መያዝ ያለባቸውን ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ድንገት ሙሉ ኃይል ሲመጣባቸው ትራንስፎርመሩንም ይዘውት ይሄዳሉ፤ እሱን የሚተካ ማግኘት ደግሞ መከራ ነው።

ከሁሉም በፊት ራስህን ጠብቅ። የምስሉ ቱቦ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ካቻቢቴ በሽቦ ከቱቦው የውጭ ሽፋን የመሬት መስመር ጋር አገናኝ፣ ጫፉን የቱቦው ጎን ላይ ካለው የላስቲክ ቆብ ሥር አስገብተህ ብረቱን አስነካው፣ ትንሽ ቆይተህ ድገመው፣ ምክንያቱም ቻርጁ በከፊል ይመለሳል። የቱቦውን አንገት (ከኋላ ያለውን ቀጭን ክፍል) አትንካ፣ ቶሎ ይሰበራል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ሻሲያቸው (ክፍሎቹ የተገጠሙበት ብረት) በቀጥታ ከመብራት መስመሩ ጋር ስለሚገናኝ፣ ቲቪውን ከመስመሩ የሚነጥል መለያ ትራንስፎርመር ሳይኖርህ አትሞክራቸው።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። ከዚያ የሰም ወረቀትና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ቀይር። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትፍታ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አስተውል፣ የአዲሱ ቮልት ከድሮው እንዳያንስ። ሬዚስተሮቹንም (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድቡትን) ለካቸው፣ ሲያረጁ የመቋቋም መጠናቸው ይጨምራል። ቱቦዎቹን ግን ለመጣል አትቸኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው።

ስታበራው ባለክር አምፖል ከቲቪው የመብራት መስመር ጋር በተከታታይ አገናኝ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ፣ ወዲያው አጥፋ። የአግድም መስመሩ የውጤት ቱቦ (ምስሉን ወደ ጎን የሚስለውን ጨረር የሚያንቀሳቅሰው) ውስጡ ያለው ብረት ግሎ ከቀላም እንደዚያው። ምስል ለማየት የዛሬውን ምልክት የድሮው ቲቪ በአንቴና መግቢያው ወደሚቀበለው አናሎግ ምልክት የሚቀይር ሞዱሌተር ያስፈልግሃል።