የተቃጠለ ዘይት በጥላና በፀሐይ፦ ኮምቦልቻ ላይ በቀላሉ የሚሠራ ሙከራ

ከጋራዥ ግቢ በዝናብ ታጥቦ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባ የተቃጠለ ዘይት በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት ምን ያህል መርዛማ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚደረገው፣ የተበከለውን ውሃ ቀድቶ ክፍል ውስጥ በማስቀመጥ ትንንሽ እንስሳት ይሞቱበት እንደሆነ መመልከት ነው። ወንዙ የሚፈሰው ግን በፀሐይ ሥር ነው፤ በክፍል ውስጥ ጉዳት የሌለው የመሰለ ውሃም ደጅ ሲወጣ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህ መመሪያ ሁለቱን ሁኔታዎች ማነጻጸር ለሚፈልጉ የሳይንስ መምህራንና ከፍ ላሉ ክፍሎች ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

በናፍጣና በሞተር ዘይት ውስጥ፣ በተለይም ሞተር ውስጥ ቆይቶ በጠቆረው ውስጥ፣ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች ይገኛሉ፤ አንትራሲን፣ ፓይሪንና ፍሎራንቲን ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህ ውህዶች ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ ስለሚሟሙ፣ በውሃው ውስጥ ያለው መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም በእንስሳቱ ሰውነት ይከማቻሉ። ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ በዋናነትም የሞገድ ርዝመቱ ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሆነው፣ እስከተከማቹበት ድረስ ዘልቆ ይገባል፤ ውህዶቹም ጨረሩን ውጠው ጉልበቱን በአጠገባቸው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋሉ፤ በዚህ መንገድ የነቃው ኦክስጅን የሕዋሳቱን ሽፋን ይጎዳል። የተመዘገበው የመርዛማነት ጭማሪ እንደ ዘይቱና እንደ እንስሳው ዓይነት ከ2 እጥፍ ተነሥቶ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይደርሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. ኮስኮ ቡሳን የተባለች መርከብ በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ነዳጅ ካፈሰሰች በኋላ፣ ጥልቀት በሌለውና ፀሐይ በሚያገኘው ዳርቻ የተጣሉ የሄሪንግ ዓሣ ዕንቁላሎች በብዛት ሲሞቱ፣ ጠለቅ ባለው ውሃ ውስጥ የነበሩት የልብ ችግር ታየባቸው እንጂ እንደዚያ አላለቁም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙና ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ለሙከራው የሚመረጠው እንስሳ ዳፍኒያ የሚባለው፣ በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ በጣም ትንሽ ፍጥረት ነው። ከረጋ ኩሬ በስስ ሻሽ ተጠልፎ ይያዛል፤ ሰውነቱ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነም ለዚህ ጉዳይ እጅግ ይስማማል። በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ የወባ ትንኝን እጭ መጠቀም ግን ስሕተት ነው፤ እጩ አየር የሚስበው ከውሃው ገጽ ላይ በመሆኑ፣ በገጹ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት አፍኖ ይገድለዋል፤ ያኔ የሚታየው ሞት ከፀሐይም ከመርዝም ጋር ግንኙነት የለውም።

በክዳን በሚዘጋ ጠርሙስ ውስጥ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ለሁለት ቀን ክፍት ሆኖ የቆየ አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ይደረጋል። ዘይቱ ከመጨመሩ በፊት ቀጭን ቱቦ እስከ ጠርሙሱ ሥር ይገባል፤ ኋላ ቢገባ ውስጡ በዘይት ይለቀለቃል። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ዘይት በላዩ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፤ ጠርሙሱም በጨለማ ቦታ፣ ዘይቱ ወደ ነጠብጣብነት እንዳይበታተን በዝግታ እየተወዛወዘ፣ ለሁለት ቀን ይቆይና ለጥቂት ሰዓታት ያርፋል። በቱቦው የሚቀዳው ከሥር ያለው ውሃ ብቻ ነው። ይህ ውሃ ሳይቀጠን ጥላ ውስጥ ያሉትንም ዳፍኒያዎች ሊጨርስ ስለሚችል፣ ግማሽ፣ አንድ አምስተኛና አንድ አሥረኛ አድርጎ በማቅጠን፣ በጥላ ሥር አብዛኞቹ በሕይወት የሚቆዩበትን መጠን አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ሙከራው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ አራት ቡድኖች ይዘጋጃሉ፦ ንጹሕ ውሃ በጥላ፣ ንጹሕ ውሃ በፀሐይ፣ ዘይት የነካው ውሃ በጥላ፣ ዘይት የነካው ውሃ በፀሐይ። ለእያንዳንዱ ቡድን አራት ኩባያ፣ በእያንዳንዱ ኩባያም አምስት ዳፍኒያ ይበቃል። ውህዶቹ ወደ ሰውነታቸው እንዲገቡ ሁሉም ሌሊቱን በጨለማ ያድራሉ፤ በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ወደ ደጅ ይወጣሉ። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ተመራጭ ወራት ናቸው።

እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ኩባያዎቹን በቀጥታ በሲሚንቶ ወለል ላይ ደርድሬ፣ ከቀትር በፊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበሩትም ሁሉ አልቀው አገኘኋቸው፤ የገደላቸው ሙቀቱ ነበር። ስለዚህ የጥላውም የፀሐዩም ኩባያዎች በአንድ ሰፊ ሳፋ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየተጨመረበት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይቀመጡ፤ የጥላዎቹ በፎይል የተሸፈነ ካርቶን አየር እንዲያስገባ ከፍ ተደርጎ ይጋረድባቸው። የመስኮት መስታወት እንደ ጥላ አይቆጠርም፤ ከላይ ከተጠቀሰው ጨረር አብዛኛውን ያሳልፋልና።

ዳፍኒያዎቹ ፀሐዩ እንዳበቃና በማግስቱ ይቆጠራሉ፤ ኩባያው ቀስ ተብሎ ተነቅንቆ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ያልዋኘ ዳፍኒያ እንደተጎዳ ይመዘገባል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ካሉት ከ10 በመቶ በላይ ከተጎዱ ውጤቱ አይታመንም፤ ጨረሩ ብቻውን በርትቶባቸው ሊሆን ስለሚችል የፀሐዩን ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት አሳጥሮ መድገም ይገባል።

ልዩነቱ ከታየ፣ ጉዳቱ ከሰውነት ውስጥ መነሣቱን ለማረጋገጥ፣ በዘይት ውሃ ያደሩትን ዳፍኒያዎች በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በሌላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለፀሐይ ማውጣት ነው። በተቃራኒው የዘይት ውሃውን ብቻውን ፀሐይ ላይ አውሎ፣ ዳፍኒያውን በጥላ ውስጥ ቢጨምሩበት፣ ብርሃን ዘይቱን ራሱን ወደ ሌሎች፣ በውሃ ይበልጥ ወደሚሟሙ ውህዶች መለወጡ ያስከተለው ጉዳት ለብቻው ይታያል። የክረምቱን የደፈረሰ ጎርፍ ውሃ ጨምሮ መሞከርም ይቻላል፤ ጭቃው ጨረሩን ስለሚጋርድ ጉዳቱ እንዲቀንስ ይጠበቃል፤ በጋ ላይ ወንዙ ሲጠራና ሲሳሳ ግን ይህ ከለላ የለም።

ሥራው በጓንት ይሠራ። የተረፈው የዘይት ውሃና ዘይቱ በጀሪካን ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።