መኪና ሊቀይሩ ነው? ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ መኪና ላይ ሰው ብዙ አይመርጥም። የተገኘው ይገዛል። አሮጌ ቪትስ ትሁን ዲኤክስ፣ ከታክሲ ሰልፍ ካወጣች ተመስገን ነው። ጣጣው ሁለተኛዋ ላይ ይመጣል። ያኔ ትንሽ ብር ተይዟል። የሥራ ደረጃም ከፍ ብሏል። ዘመድ አዝማድ ደግሞ "አሁንማ ቀይር እንጂ" ማለት ጀምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሲቀየር ደጋግመው የሚሠሩትን ስህተቶች እንያቸው።

"እኔ ለሰው ብዬ አይደለም" ማለት

ለሰውም ብለው ነው። አያሳፍርም። አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆመው ይመልከቱ። ቪትስ ስትመጣ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ ያስቆማታል። የኋላ ኮፈን ያስከፍታል፣ ከሥር በመስታወት ያያል፣ "ማን ጋ ነው?" ይላል። ከኋላዋ ቪ8 ሲመጣ ግን በሩ ገና ከሩቅ ይከፈታል። ሰላምታም አለ። ደንበኛ ይዞ ሳይት የሚያስጎበኝ ኮንትራክተር ወይም ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። ለእሱ መኪናው ሥራ ይሠራል።

ክብር መፈለጉ ላይ ችግር የለብኝም። ችግሩ ክብሩ በጀት ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው። "መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው"፣ "ለልጆቹ ደህንነት ብዬ ነው" እያልን ስንሸፋፍነው ዋጋው ይሰወርብናል። ስለዚህ ወረቀት ያውጡ። ለሥራዎና ለቤተሰብዎ የሚበቃዎትን መኪና ዋጋ ይጻፉ። ከጎኑ ልብዎ የከጀለውን ይጻፉ። ልዩነቱ የክብር ሂሳብ ነው። 900 ሺህ ብር ከሆነ፣ በቃ፣ ክብሩ 900 ሺህ ብር ያወጣል ማለት ነው። አሁን ይጠይቁ፤ ይህ ብር ሥራ ያመጣልኛል? ካላመጣስ፣ ለሚሰጠኝ ደስታ ብቻ ይህን ያህል እከፍላለሁ? መልሱ "አዎ" ከሆነ ይግዙት፤ ማን ከልካይ አለ? የሚያሳዝነኝ ጥያቄውን ሳይጠይቅ የሚከፍለው ነው።

እግረ መንገድዎን ሊያስደምሙት የፈለጉትን ሰው በስሙ ይጥሩት። ብዙ ጊዜ የድሮ የክፍል ጓደኛ ወይም የሚስት ወንድም ሆኖ ይገኛል። እሱ ደግሞ መኪናዎን የሚያየው በዓመት አንድ ሁለቴ ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ።

የመግዣውን ዋጋ ብቻ ማስላት

ዕቁብ ደረሰ። አሮጌዋ ተሸጠች። የጎደለው ከአክስት ተበደርን። ሞላ! ተገዛ። በወሩ ግን ጎማ መቀየሪያ የለም።

የደላላ ኮሚሽኑ፣ የስም ማዞሪያው፣ ቦሎው እና ኢንሹራንሱ ከመኪናው ዋጋ ውጭ ናቸው። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ የታዘዘ ግዴታ ነው፤ ግን የሚሸፍነው እርስዎ በሌላ ሰው ላይ ያደረሱትን ጉዳት እንጂ የእርስዎን ብረት አይደለም። ሙሉ ኢንሹራንስ ልግባ ካሉ ደግሞ አረቦኑ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ተነስቶ ነው። ሁለት እጥፍ የሚያወጣ መኪና ከገዙ ይህም አብሮ ከፍ ይላል።

ነዳጁን እንይ። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ድጎማውን ቀስ በቀስ ሲያነሳ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። በወር 1000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ እንበል። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና 83 ሊትር ገደማ ይበቃታል። በከተማ ጭንቅንቅ በሊትር 6 ብቻ የሚሄድ ትልቅ መኪና 167 ሊትር ይፈልጋል። በ100 ብር ቢያሰሉት እንኳን ልዩነቱ በወር ከ8 ሺህ ብር በላይ ነው። እሱም ነዳጁ ሳይሰለፉ ከተገኘ ነው።

ለመለዋወጫ ቀላል ፈተና አለ። ከመግዛትዎ በፊት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ጎራ ይበሉ። የሚገዙትን መኪና ሞዴል ይናገሩና የሦስት ነገር ዋጋ ይጠይቁ፤ የስፖኪዮ፣ የፊት መብራት እና የፊት ፓራውልት። ስፖኪዮ በዚህ ከተማ የሚሰረቅ ዕቃ ነው። ፓራውልት ደግሞ ሚኒባስ ይጭረዋል። የቪትስ ወይም የኮሮላ ከሆነ ባለ ሱቁ ከመቀመጫው ሳይነሳ "አዲስ ነው ያገለገለ?" ይልዎታል። ካሜራ ያለው፣ በራሱ የሚታጠፍ ዘመናዊ ስፖኪዮ ሲጠይቁት ግን ስልኩን ያነሳል። አንድ ሰው ጋ ይደውላል፣ ሌላ ሰው ጋ ይደውላል፣ ከዚያ "ታዞ ነው የሚመጣው" ይላል። ዋጋውን ሳይነግርዎ በፊት መልሱን አግኝተዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በወሬ መወሰን

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መኪና መቀየር ያሰበ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። አንዱ "ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልኩ" ይላል። ሌላው "ባትሪው የሞተ ዕለት ብረት ታቅፈህ ቀረህ" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን እያወሩ ያሉት ስለ ራሳቸው ቤትና ስለ ራሳቸው መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው መኪናው ማታ የት እንደሚያድር ነው። ግቢ ካለዎት እና የመብራት መስመርዎ ጭነቱን ከቻለ ማታ ሰክተው ጠዋት ይነሳሉ። እንዲህ ላለ ሰው፣ ውሎው ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ከኤሌክትሪክ ሌላ መፈለግ ብዙም ትርጉም የለውም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ እና መኪናው ታች በጋራ ማቆሚያ የሚያድር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመስኮት ገመድ መልቀቅ ለእሳት መጋበዝ ነው። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ከሥራ ቦታዎ አጠገብ አለ? ወረፋውስ? ሳይገዙ በፊት በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ሄደው በዓይንዎ ይዩት። ቤትዎ መስመር የሚጎትትልዎትን ኤሌክትሪሽያንም አስቀድመው ያማክሩ፤ ሽቦው የቆየ ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ቀጥሎ ርቀት። ቻይና ሠራሽ መኪና ላይ የሚነገርዎት ኪሎ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ በቻይና የሙከራ ደንብ የተለካ ነው። ደንቡ ቸር ነው፤ መንገድ ላይ የሚያገኙት ከዚያ ያንሳል። ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል ባነስተኛው ባትሪዋ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ትደርሳለች። ግን ሐዋሳ ያለችው 1700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2300 ትበልጣለች። ሲሄዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። እሑድ ከሰዓት፣ አራት ሰውና ሻንጣ ጭነው ሲመለሱ ግን ዳገቱ ባትሪውን ቶሎ ይበላዋል። መንገድ ላይ የት እንደሚሰኩ ሳያውቁ አይውጡ።

ሌላም አለ። ከተማው ውስጥ የምናያቸው አንዳንድ መኪኖች ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው። የቮልስዋገን አይዲ 6 አንዱ ነው። ስሙ የጀርመን ስለሆነ አውሮፓ ያለ ዘመድ ዕቃ ይልክልኛል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ እዚያ አልተሸጠም። ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የቻርጅ ሶኬቱም የቻይናው ጂቢ/ቲ ነው፤ የአውሮፓዎቹ ሲሲኤስ 2 የሚባለው ነው። ሶኬቱን ሳያዩ ለቤት ቻርጀር አይግዙ።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የሄደው ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የባትሪው ጤንነት በኮምፒውተር ተነቦ በመቶኛ ይታያል። ሻጩ "አያስፈልግም" ካለ፣ እርስዎም መኪናው አያስፈልግዎትም።

መኪናውን ከዕቅድዎ ነጥሎ ማየት

በመጪዎቹ አራትና አምስት ዓመታት ምን ሊያደርጉ አስበዋል? ይህን ሳይመልሱ መኪና መምረጥ አስቸጋሪ ነው።

ውጭ አገር የመሄድ ሂደት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚሸጥ መኪና ነው የሚያስፈልገው። ቪትስ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ስልክ በተደወለ በጥቂት ቀን ገዢ ያገኛሉ። ብርቅዬው መኪና ግን የሚያደንቀው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ነው። ቪዛው ወጥቶ ትኬት ሲቆረጥ ደላላው ያወቀብዎታል፤ ዋጋው የሚወድቀውም ያኔ ነው።

ትርፍ ሰዓቴን በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎች፣ ራይድ ወይም ፈረስ ላይ እሠራበታለሁ ካሉ የሰሌዳው ጉዳይ ከቀለሙ ይቀድማል። በለመድነው አጠራር ኮድ 2 የቤት፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። ኮድ 3 ንግድ ፈቃድና ግብር ይዞ ይመጣል። "ኋላ እቀይረዋለሁ" ብለው ከሚገቡበት፣ ከመግዛትዎ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ።

ቤት የጀመሩ ከሆነ ደግሞ ይህን አስቡበት። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ዕቁብተኛ ብሩ የራሱ ይመስለዋል። ገና የሚጥላቸው ወራት ግን ዕዳ ናቸው። በዚያ ብር መኪና ገዝቶ የቤቱን ጣሪያ የሚያዘገይ ሰው ኪራይ እየከፈለ ነው መኪናውን የሚነዳው። የዕቁቡን ቀሪ መዋጮ እና የኪራዩን ወራት ደምረው መኪናው ዋጋ ላይ ይጨምሩት። ባልና ሚስት ከሆኑ አብራችሁ ደምሩት። ካልሆነ ግን ሂሳቡ ኋላ በጭቅጭቅ ይሠራል።

በዓመት አንድ ቀን ለሚሆን ነገር መግዛት

ሰባት ሰው የሚጭን መኪና የሚገዛው ብዙ ጊዜ ለታኅሣሥ ቁልቢ ወይም ለበዓል አገር ቤት መሄጃ ነው። የቀረውን ዓመት አንድ ሰው ይዞ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ይመላለሳል። ለጉዞው መኪና ከነሹፌሩ ይከራዩ።

መካኒኩንም ወረቀቱንም ለደላላ መተው

መካኒኩ የእርስዎ ይሁን። ሻጩ "የኔ ልጅ ያየዋል" ካለ አመስግነው ይለፉት። መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይዩት፤ እርስዎ ሳይደርሱ ተነስቶ ሲሞቅ የቆየ ሞተር ብዙ ይደብቃል። የበሮቹን ጠርዝ፣ የኮፈኑን ብሎኖች እና የቀለሙን ልዩነት በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን በእጅዎ ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳይረጋገጥ ቀብድ አይስጡ። ብዙ መኪና በባንክ ብድር የተያዘ ነው።

አሮጌዋን ሲሸጡም ተጠንቀቁ። "ውክልና ስጠኝና ስሙን ኋላ አዞራለሁ" የሚል ገዢ ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ መሪውን የያዘው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ሊብሬው በስምዎ እስካለ ድረስ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረም፣ ቅጂውም እጅዎ ይግባ። የስም ማዞሪያውን ቀጠሮ ደግሞ ብሩ በሚገባበት ቀን ያድርጉት። ሳምንት ካለፈ ገዢው ስልክ አያነሳም።