መጽሐፍ በራስ ወጪ ማሳተም፦ ከሒሳቡ ይጀምሩ

ረቂቁን የጨረሰ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ አከፋፋይ ማፈላለግ የሚጀምረው ካርቶኖቹ ሳሎኑን ከሞሉት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ከመጻሕፍት መደብሮችና አከፋፋዮች ሁለት ሦስቱን አስቀድመው ያነጋግሩ። እንደ እርስዎ ያለ መጽሐፍ በስንት ብር እንደሚሸጥና ከሽፋን ዋጋው (ሽፋኑ ላይ ከሚጻፈው መሸጫ ዋጋ) ስንት በመቶ እንደሚወስዱ ይጠይቁ። ይህን ሳያውቁ ዋጋ መተመን በጭፍን መሄድ ነው።

በምሳሌ እንየው። 1,000 ቅጂ በቅጂ 200 ብር ቢታተም 200,000 ብር ይሆናል። ለአርታኢ፣ ለገጽ አቀናባሪና ለሽፋን ዲዛይነር 60,000 ሲጨመር ጠቅላላ ወጪው 260,000 ነው። አከፋፋዩ 35 በመቶ የሚወስድ ከሆነና የሽፋን ዋጋውን 400 ብር ካሉት፣ ከአንድ ቅጂ እጅዎ የሚገባው 260 ብር ነው። አንድም ሳይቀር ቢሸጥ እንኳ ያወጡትን ብቻ ይመልሳሉ፤ በስጦታ የሄደው ሁሉ ኪሳራ ነው። 500 ብር ካሉት ግን 325 ይደርስዎታል፤ 800 ቅጂ ሲሸጥ ወጪው ይመለሳል፣ ቀሪው ትርፍ ነው። «የኅትመቱን እጥፍ ካደረግሁት አተርፋለሁ» የሚለው ስሌት ስንቱን ደራሲ ጉድ ሠርቷል።

ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤት ይሰብስቡ፤ ሦስቱም ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ መስጠታቸውን ግን ያረጋግጡ። መጠኑ (ለልቦለድ ኤ5፣ ማለትም 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው)፣ የገጹ ብዛት፣ የውስጡ ወረቀት በካሬ ሜትር 70 ግራም ይሁን 80፣ የሽፋኑ ወረቀት (250 ግራም ይበቃል)፣ ላሚኔሽኑ (ሽፋኑን የሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ)፣ አጠራረዙ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ሁሉም በጽሑፍ ይስፈር። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል ይወርዳል። በተለይ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ሳያዩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወራት መውሰድ አያዋጣም።

ኦፍሴት (ብዙ ቅጂ የሚታተምበት ማሽን) ላይ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ በአንድ ትልቅ ወረቀት አብሮ ታትሞ ይታጠፋል። ስለዚህ 246 ገጽ የሆነ መጽሐፍ ወደ 256 ሊሄድና አሥር ባዶ ገጽ ሊያስከፍልዎ ይችላል። የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 11.5 ዝቅ ቢያደርጉት ወይም ምዕራፎቹን ሁሉ በቀኝ ገጽ ማስጀመሩን ቢተዉት 240 ላይ ማሳረፍ አይከብድም። ሽፋኑም የሚያልቀው የገጹ ቁጥር ከቆረጠ በኋላ ነው። 240 ገጽ በ80 ግራም ወረቀት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ጀርባ (መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ጠባብ ጎን) አለው፤ ዲዛይነሩ በግምት ከሠራው ርእሱ ከጀርባው ተንሸራቶ ፊት ለፊት ይወጣል።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት አመዘጋገብ) ባልሆኑ በቆዩ ፊደላት የተተየበ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩትና ለማተሚያ ቤቱ ፊደሉ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይስጡ። ሌላው፣ ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን (።) ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ እየመታ (፡፡) ይጽፋታል። ሲያዩት ልዩነት የለውም፤ መስመር ሲያልቅ ግን አንዷ ነጥብ እላይ ቀርታ ሁለተኛዋ ቀጣዩን መስመር ትጀምራለች። በ«ፈልግና ተካ» ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያርሙ። ጸሐይና ፀሐይ፣ ሠራና ሰራ እየተቀያየሩ እንዳይሄዱም አርታኢዎ አንዱን መርጦ ዝርዝር ይያዝ፤ በተለይ የገጸ ባሕርያት ስም።

ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት (ብዙዎች አሁንም ወመዘክር የሚሉት) ይውሰዱ። ለኅትመቱና ለዲጂታሉ የየራሱ ቁጥር ያስፈልጋል። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ሲጻፍ ጀምሮ የእርስዎ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል። በመብት ገጹ ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን እ.ኤ.አ. ያለውንም ይጻፉ፤ አለበለዚያ የውጭ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍዎን ሰባት ስምንት ዓመት ሊያስረጁት ይችላሉ።

ሥራውን ሲረከቡ ቀሪ ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት ከተለያዩ ካርቶኖች ጥቂት ቅጂ አውጥተው ይፈትሹ። መሃሉ ላይ ከፍተው ወደ ኋላ ይጠፉት፤ ማጣበቂያው ከተሰነጠቀ አንባቢው እጅ ላይ ይበተናል። ከዚያ የገጽ ቁጥሩን ይከተሉ። ከ64 ቀጥሎ 65 መምጣት ሲገባው 49 ከመጣ አንዱ ባለ 16 ገጽ እጥፍ ሁለቴ ገብቷል፤ በምትኩ የጎደለ ሊኖርም ይችላል። እንዲህ ያለው በነጻ እንደሚተካ ውሉ ላይ ቀድሞ መጻፍ አለበት።

አከፋፋይ ሁለት ዓይነት ነው፦ እጅ በእጅ የሚገዛና «ሸጠን እንከፍላለን» የሚል። የመጀመሪያው የሚጠይቀው ቅናሽ ቢበዛም፣ ለአዲስ ደራሲ ግማሹን ቅጂ በዚያ መንገድ መልቀቅ ይሻላል። ለሁለተኛው የተረከበውን ብዛት፣ የሚከፍልበትን ቀን፣ የተበላሸና የጠፋ ቅጂ በማን ሒሳብ እንደሚያዝ፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ያስፈርሙ። በቃል የተሰጠ መጽሐፍ ሒሳቡም በቃል ይቀራል።

ምረቃው መጽሐፉ መደብሮች ከገባ በኋላ ይሁን። ሬዲዮ ላይ ሰምቶ ሊገዛ የወጣ ሰው ካጣው ተመልሶ አይመጣም። አዳራሹ በር ላይ የሚሸጠው አከፋፋይ ስለማይካፈለው 100 ቅጂ በ500 ብር 50,000 ያስገባል፤ በአከፋፋይ ቢሆን 32,500 ነበር። ገንዘቡን ሌላ ሰው ይቀበል፣ የቴሌብርና የባንክ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። እርስዎ ይፈርሙ።

ቴሌግራም ላይ በነጻ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ለማንም፣ ለሐያሲም ቢሆን፣ ሙሉ ፋይል አይላኩ፤ የታተመውን ቅጂ ወይም አንድ ምዕራፍ ይስጡ። ፋይሉን ባወጣው ቻናል ላይ ለቴሌግራም አቤት ማለት ይቻላል፤ የምዝገባ ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውጭ ያለው አንባቢ የተሰረቀውን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ስላጣ ነው። ባለ 240 ገጽ መጽሐፍ 320 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 23 ኪሎ በሚይዝ ሻንጣ 70 ያህል ቅጂ ይሄዳል። ለዋሽንግተን ወይም ለሌላ ከተማ የሐበሻ መደብሮች መጀመሪያ ይህን ያህል ልከው ገበያውን ማየት ይቻላል።

የመጨረሻው የታረመ ፋይል በእጅዎ ይቅር። አንባቢ የጠቆመዎትን ስሕተት እዚያው ላይ እያረሙ ይቆዩ። ከ1,000ው 700 ሲሸጥ ለሁለተኛው እትም አዲስ ፕሮፎርማ ይጠይቁ፤ ሁሉም እስኪያልቅ ከጠበቁ ኅትመቱ እስኪደርስ መደብሩ ቦታውን ለሌላ መጽሐፍ ይሰጠዋል።