ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ስትዞሩ የሚያጋጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

ስታዲየም፣ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ካሉት የስልክ ሱቆች አንዱ ጋ ትንሽ ብትቆሙ ይሄን ታያላችሁ። ሰው ሳምሰንጉን ወይም ቴክኖውን ይሰጣል፣ ብር ይጨምራል፣ አይፎን ይዞ ይወጣል። ማታ ቤቱ ሲገባ ዋትሳፑ ባዶ ነው፣ የሰው ስም የለም፣ የባንኩ አፕ አላውቅህም ይለዋል። በማግስቱ ሱቁ ጋ ሲመለስ አሮጌው ስልክ ተጠርጎ ለሌላ ሰው ተሸጧል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። አይፎኑን በገዛችሁበት ቀን አሮጌውን ስልክ አትስጡ። ከታች የምጽፋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈቱት አሮጌው ስልክ እጃችሁ ላይ ካለ ነው። ሻጩ ዛሬውኑ ካልሰጣችሁኝ ቢል ተደራደሩ፣ ቀብድ አስይዙ፣ ሁለት ሦስት ቀን ውሰዱ። ጠፋ የምትሉት ነገር በአብዛኛው አልጠፋም፣ እዚያው አሮጌው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል።

የሰው ስም ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ቀረ

ይሄ በተለይ እናትና አባቶቻችንን ያስጨንቃል። አንዲት ጎረቤታችን "ልጄ፣ ማን እንደሚደውልልኝ እንኳን አላውቅም፣ ሁሉም ቁጥር ሆነብኝ" ብለው ስልኩን ይዘውልኝ መጡ። ሲታይ ስሞቹ ሦስት ቦታ ተበታትነዋል። ከፊሉ ሲም ካርዱ ላይ፣ ከፊሉ ስልኩ ራሱ ላይ፣ ከፊሉ ደግሞ ልጃቸው በከፈተላቸው ጂሜል ላይ።

አንድሮይድ አዲስ ስም ስትመዘግቡ የት ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ ሳናነብ እሺ ብለን እናልፋለን። ለዚህ ነው የሚበታተነው። አይፎን በበኩሉ ሲም ላይ ያለውን ስም በራሱ አያመጣም። ሴቲንግስ ውስጥ ኮንታክትስ ገብታችሁ "ኢምፖርት ሲም ኮንታክትስ" የሚለውን መንካት አለባችሁ (አዲሶቹ አይፎኖች ላይ ኮንታክትስን የምታገኙት አፕስ በሚለው ስር ነው)። ይሄ የሲሙን ያመጣል።

ለቀረው ግን የሚሻለው ሁሉንም ወደ ጂሜል መሰብሰብ ነው። አሮጌው ስልክ ላይ የኮንታክትስ አፕን ክፈቱና ሲም ላይና ስልኩ ላይ ያሉትን ወደ ጉግል አካውንታችሁ ገልብጡ። ከዚያ አይፎኑ ላይ ያንኑ ጂሜል አስገቡና ኮንታክትስ የሚለውን አብሩት። ትንሽ ቆይቶ ስሞቹ አንድ በአንድ መምጣት ይጀምራሉ። የጎረቤታችንም በዚሁ መንገድ ተመለሰላቸው፣ የዕድራቸው ሰብሳቢ ስም ሲወጣ እልልታ ነው የቀራቸው።

ዋትሳፕ ተከፈተ፣ ያለፈው ጽሑፍ ግን የለም

አንድሮይድ ላይ ዋትሳፕ መጠባበቂያውን የሚያስቀምጠው ጉግል ድራይቭ ላይ ነው። የአይፎኑ ዋትሳፕ ደግሞ የሚያነበው አይክላውድን (የአፕልን የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ብቻ ነው። "ባክአፕ አድርጌ ነበር እኮ" የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው፣ ግን ያኛው ስልክ ያስቀመጠውን ይሄኛው ሊከፍተው አይችልም።

መውጫው አፕል ራሱ ለአንድሮይድ የሠራው "ሙቭ ቱ አይኦኤስ" የሚባል አፕ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ በነጻ ይገኛል። ከ2022 ጀምሮ የዋትሳፕን ጽሑፍና ፎቶ ጭምር ያሻግራል። ሁለቱም ስልኮች ላይ ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት። ከባዱ ነገር አይፎኑ ገና አዲስ ሆኖ መጀመሪያ ሲከፈት በሚመጡት ገጾች ላይ መሠራቱ ነው። ሱቁ ውስጥ ልጁ ፈጠን ፈጠን አድርጎ እነዚያን ገጾች ካለፈላችሁና አይፎኑ ከተከፈተ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው። ያኔ ያለው አማራጭ አይፎኑን ጠርጎ ከመጀመሪያው መጀመር ነው፤ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ከታች "ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን"። ገና ብዙ ነገር ሳታስገቡበት ብታደርጉት ይሻላል። ለዚህ ነው ሻጩን "አትክፈትልኝ፣ ቤቴ እከፍተዋለሁ" በሉት የምለው። የሚሠራና የተቆለፈ አለመሆኑን ሱቁ ውስጥ ካያችሁ በኋላ ተጠርጎ ይሰጣችሁ።

ማሻገሩ መሃል ላይ ቆመ

ይሄኛው ላይ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሙቭ ቱ አይኦኤስን ከፍታችሁ አይፎኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር አንድሮይዱ ላይ ትጽፋላችሁ። ይገናኛሉ። ምን ያህል እንደተሻገረ የሚያሳየው መስመር ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል፣ ወይም አንድሮይዱ "ግንኙነት ተቋርጧል" ይላል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አይፎኑ ለጊዜው የራሱን ዋይፋይ ይፈጥራል፣ አንድሮይዱም እሱ ላይ ይገባል። ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ሁለቱ ስልኮች እርስ በእርስ የሚያወሩበት ብቻ ነው። አንድሮይዱ ግን ኢንተርኔት ሲያጣ ዋይፋዩ የተበላሸ ይመስለውና ወደ ሞባይል ዳታ ይዘላል፣ ወይም ወደ ቤታችሁ ዋይፋይ ይመለሳል። ያኔ ይቆረጣል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አንድሮይዱ ላይ ሞባይል ዳታ አጥፉ። ዋይፋይ ሲደክም ራሱ ወደ ዳታ እንዲቀይር የሚያደርግ ምርጫ ካለው እሱንም አጥፉ። ስልክ ከተደወለላችሁ ወይም ከአፑ ወጥታችሁ ቴሌግራም ካያችሁ ይሄም ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉና ዋይፋዩን ብቻ መልሳችሁ አብሩ። ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰኩ፣ ስክሪናቸው በርቶ ይቀመጥ።

አንድሮይዱ "ጨርሻለሁ" ቢልም አትቸኩሉ። አይፎኑ ላይ ያለው መስመር እስኪሞላ ድረስ አልጨረሰም። ፎቶና ቪዲዮ ብዙ ካላችሁ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ማታ አስጀምሮ መተኛት ጥሩ ነው። ሌላው ምክንያት ቦታ ማነስ ነው፤ አሮጌው ስልክ ላይ ሚሞሪ ካርድ ካለ እሱ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። 64 ጊጋ አይፎን ገዝታችሁ 100 ጊጋ ልታሻግሩ ብትሞክሩ አይሆንም።

መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። ራውተሩ ቢዘጋም ሁለቱ ስልኮች በራሳቸው ዋይፋይ ስለሆኑ ባትሪያቸው እስካለ ይቀጥላሉ። ይሄ ማሻገር ፓኬጃችሁንም አይበላም። የሚበላው በኋላ አፖቹ እንደገና ከአፕ ስቶር ሲወርዱ ነው፣ ያንን ዋይፋይ ያለበት ጠብቃችሁ አድርጉት።

ሲም አይገባም፣ ወይም ገብቶ ኔትወርክ የለም

ሁለቱ የተለያየ ችግር ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። አልተበላሸም፣ ሲሠራም እንዲሁ ነው። ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ያስፈልገዋል፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ቴሌ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና ሲማችሁን ወደ ኢሲም ያስቀይሩላችሁ።

ሲሙ ገብቶ እምቢ ካለ ግን ስልኩ በውጭ አገር ኔትወርክ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ግቡና "ካሪየር ሎክ" የሚለውን ፈልጉ። "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ነጻ ነው። ሌላ ነገር ካለ ተቆልፏል፣ በትክክል የሚፈታው ደግሞ ያንን ስልክ የሸጠው የውጭ ኩባንያ ብቻ ነው። ከሲሙ ስር ስስ ቺፕ አስገብተው "ተፈቷል" የሚሏችሁን አትመኑ፣ ስልኩ አፕዴት ሲደረግ ተመልሶ ሊቆለፍ ይችላል። ይሄን ገጽ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት።

ቴሌንም ሳፋሪኮምንም አብራችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ አብዛኛው አይፎን የሚወስደው አንድ ሲምና ኢሲም ነው። ሁለት ሲም በአካል የሚገባባቸው ለቻይና ገበያ የተሠሩት ናቸው።

አፕል አይዲው የእኔ አይደለም

አፕል አይዲ (አሁን አፕል አካውንት ይባላል) አይፎኑ የሚከፈትበትና አፕ የሚወርድበት አካውንት ነው። እንደ እኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይሄ ችግር ነው። ምልክቱ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ለወራት ስልኩ በደህና ይሠራል፣ አንድ ቀን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ እናንተ ደግሞ አታውቁትም።

ሱቅ ውስጥ "አፕል አይዲ ልክፈትልህ" ብሎ በራሱ ኢሜል የሚከፍት ሻጭ አለ። ወይም ስልኩን የላከላችሁ ዘመድ በራሱ ስልክ ቁጥር ከፍቶታል። ዲሲ ያለ ወንድም በቁጥሩ የከፈተውን አስቡት። እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አፕ ልታወርዱ ስትሉ የማረጋገጫ ኮዱ እሱ ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። እስኪነቃ ትጠብቃላችሁ።

ሴቲንግስን ክፈቱና ከላይ ያለውን ስም ንኩ። የሚታየው ኢሜል የእናንተ ነው? ካልሆነ ከፋቹ እያለ፣ ፓስወርዱን እያስታወሰ፣ ዛሬውኑ ያስወጣላችሁና በራሳችሁ ኢሜል አዲስ ክፈቱ። ኢሜሉ የእናንተ ሆኖ ቁጥሩ የዘመድ ከሆነ "ሳይን ኢን ኤንድ ሴኪዩሪቲ" ውስጥ የራሳችሁን ቁጥር ጨምሩ። አገር ሲጠይቃችሁ ኢትዮጵያን ዝርዝሩ ላይ ካጣችሁ ብዙ ሰው የሚያደርገው ዘመድ ያለበትን አገር መርጦ፣ ነጻ አፕ እያወረደ አካውንቱን መክፈትና ክፍያ ላይ "ነን" (None፣ ምንም) የሚለውን መምረጥ ነው።

ያገለገለ አይፎን ስትገዙ ደግሞ ሻጩ እፊታችሁ ይጥረገው። ከተጠረገ በኋላ የሌላ ሰው አፕል አይዲ ከጠየቀ ትታችሁ ውጡ። የቀድሞው ባለቤት ካልፈታው ስልኩ መቼም የእናንተ አይሆንም።

የቴሌግራም ኮድ በሜሴጅ አልመጣም

ቴሌግራም ሌላ ስልክ ላይ ክፍት ከሆነ ኮዱን የሚልከው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። አሮጌውን ስልክ ክፈቱ፣ "ቴሌግራም" ከሚል ቻት መጥቶ ታገኙታላችሁ። ከገባችሁ በኋላ ቻቱ ሁሉ ራሱ ይመጣል፣ ሲክሬት ቻት ብቻ አይሻገርም። ከአሮጌው ስልክ መውጣት ስትፈልጉ እዚያው ስልኩ ላይ ሎግ አውት በሉ፣ ምክንያቱም አዲስ የገባው ስልክ ለመጀመሪያው አንድ ቀን ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም።

የባንክ አፕና ቴሌብር አልከፈት አለ

ብዙ የባንክ አፖች ከአንድ ስልክ ጋር የታሰሩ ናቸው። ስልኩ ሲቀየር ሌባ ይሁን እናንተ ሁኑ አያውቅም፣ ስለዚህ ይዘጋል። ሲማችሁን አዲሱ ስልክ ላይ አድርጉ፣ አፑን አውርዱ፣ በሜሴጅ የሚመጣውን ኮድ አስገቡ። ቅርንጫፍ ሄዳችሁ እንድታስከፍቱ የሚጠይቅም አለ። እስከዚያ ድረስ ብር መላክ ካለባችሁ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# አይፎን ላይም ይሠራል። ሱቅ ውስጥ "አፑን ላስገባልህ፣ ፒኑን ንገረኝ" የሚል ካለ አትንገሩት። ፒን ለማንም አይነገርም።

አማርኛ መጻፍ አልቻልኩም

ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ኪቦርድ፣ ኪቦርድስ ብላችሁ አዲስ ጨምሩ። ዝርዝሩ ላይ አማርኛን ካላገኛችሁ ኪይማን የሚባለውን አፕ በነጻ አውርዱና የአማርኛ ኪቦርዱን ምረጡ። ከዚያ እዚያው ሴቲንግስ ላይ ማብራት እንዳትረሱ፣ ብዙ ሰው አፑን አውርዶ "አይሠራም" የሚለው ይሄን ስለሚዘል ነው። ስትጽፉ የምድር ሉል ምስሏን እየነካችሁ ትቀያይራላችሁ። ፓስወርድ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ከውጭ የወረደው ኪቦርድ ከጠፋባችሁ አይፎኑ ሆን ብሎ ነው።

ፎቶዬ ፎቶ ኮፒ ቤት አይከፈትም

አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው፣ ቦታ ይቆጥባል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታችሁ "ሞስት ኮምፓቲብል" አድርጉት። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ሁሉ ጄፔግ ይሆናል። ከዚህ በፊት የተነሳውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ (እንደ ፋይል ሳይሆን) ለራሳችሁ ላኩና ከዚያ አትሙት።

በዜንደር ወይም በቴሌግራም ቻናል የምትቀባበሉት ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ ፋይል) አይፎን ላይ በምንም መንገድ አይገባም። አፕ ከአፕ ስቶር ብቻ ነው።

በተቃራኒው፣ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ለምትዞሩ

አይፎን የያዙ ጓደኞቻችሁ ሜሴጅ ልከው እናንተ ጋ ካልደረሰ አይሜሴጅ (አይፎኖች እርስ በእርስ በኢንተርኔት ሜሴጅ የሚላላኩበት) ክፍት ቀርቶ ነው። ቁጥራችሁ አፕል ጋ እንደተመዘገበ ስለሆነ ሜሴጁ ወደ አሮጌው አይፎን ይሄዳል። ሲሙን ከማውጣታችሁ በፊት አይሜሴጅንና ፌስታይምን አጥፉ። አይፎኑ ከእጃችሁ ከወጣ አፕል ድረገጹ ላይ ቁጥር የሚሰረዝበት ገጽ አለው። ዋትሳፕ በዚህ አቅጣጫ በኬብል ነው የሚሻገረው፣ አንድሮይዱ ሳምሰንግ ወይም አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

አሮጌውን አንድሮይድ ከመስጠታችሁ በፊት

ሁሉም ነገር መሻገሩን ካያችሁ በኋላ መጀመሪያ የጉግል አካውንታችሁን ከሴቲንግስ አስወጡ፣ ከዚያ ጥረጉት። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። አካውንቱ ሳይወጣ በግዳጅ የተጠረገ አንድሮይድ ሲከፈት የእናንተን ጂሜልና ፓስወርድ ይጠይቃል፣ የገዛው ሰው ደግሞ ደውሎ ፓስወርዳችሁን እንድትሰጡት ይለምናችኋል። ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱንም አውጡ።