ከቤት በድንገት ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ምን ይቅደም?

"ቤትህ ቢቃጠል ምን ይዘህ ትወጣለህ?" የሚለው ጥያቄ ለጨዋታ ጥሩ ነው። ለእውነተኛ አደጋ ግን አይረባም፣ ምክንያቱም ስንት ደቂቃ እንዳለህ አይነግርህም። እሳት፣ ጎርፍ፣ የሚያፈስ ጋዝ፣ "ነገ ጠዋት አካባቢውን ልቀቁ" የሚል ማስጠንቀቂያ፤ ሁሉም የሚሰጡት ጊዜ ይለያያል። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሰዓቱን ሳያዩ ዕቃ መምረጥ

እሳቱ የተነሳው ቤት ውስጥ ከሆነ የዕቃ ጊዜ የለም። ሰው ይዞ ውልቅ ማለት ነው። ላፕቶፕ የለም፣ ፓስፖርት የለም፣ ጫማ ፍለጋም የለም። በቤት ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሳይታወቅ ያደነዝዛል፣ ስለዚህ "እሳቱ ገና ሳሎን ነው" እያሉ መኝታ ቤት መሳቢያ መበርበር ራስን መሸወድ ነው። ጭስ ካለ ዝቅ ብሎ መሄድ። የተዘጋ በር ከመክፈት በፊት በእጅ ጀርባ መንካት፣ ከጋለ ሌላ መውጫ መፈለግ። በሊፍት መውረድ አይታሰብም።

ጋዝ ከሸተተም ያው ነው። መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለም፣ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። ስልክ የሚደወለው ከቤቱ ራቅ ካሉ በኋላ ነው።

"አንዴ ተመልሼ ላምጣ"

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከወጡ ወጡ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ኤርፖርት ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲቃጠል፣ ውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። ሻንጣ ላውርድ የሚል መተላለፊያውን አልዘጋማ።

ግን ሰው የሚመለሰው ለዕቃ ብቻ አይደለም። አባት እናት ውስጥ የቀረች መስሎት ይመለሳል፣ እሷ ለካ በጓሮ በር ወጥታ እሱን ትፈልጋለች። ውጪ ላይ ሁሉም የሚገናኝበት አንድ ቦታ አስቀድሞ ካልተወሰነ ይሄ ይመጣል። እውነትም የቀረ ሰው ካለ የት ክፍል እንዳለ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገር ነው።

ውዱን ዕቃ ማስቀደም

አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ሲኖር ሰው ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። በገንዘብ የሚተካ ነገር ይቆይ። ዛሬ ማታ ከሌለ የሚያስቸግረው ይቅደም፦ መድኃኒት፣ መነጽር፣ የሕፃን ወተት፣ ቻርጀር፣ ቁልፍ፣ የመጠጥ ውሃ፣ ጠንካራ ጫማ። መነጽር ቀላል ይመስላል፣ ግን ያለሱ የማያይ ሰው መኪናም አይነዳም፣ ምልክትም አያነብም። ኢንሱሊን ደግሞ "ፍሪጅ ስለሌለ ይበላሻል" ተብሎ እንዳይተው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቁ ያለ ፍሪጅም ለሳምንታት ያገለግላሉ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ ዝርዝር ቢሆን ይሻላል። መብራትና ኔትወርክ ከጠፋ ካርዱም የስልክ ክፍያውም አይሠራም።

ሰነድ በየመሳቢያው መበተን

ይሄ የሚስተካከለው ዛሬ ነው። መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤት ሰነድ፣ ሁሉም ውሃ በማያስገባ አንድ ቦርሳ ይግባ። ፎቶ አንስታችሁ ከስልካችሁ ውጪም አስቀምጡ፣ ስልኩ ራሱ ሊጠፋ ይችላላ። ኢንሹራንስ ካላችሁ ክፍሎቹንም አንድ በአንድ ቪዲዮ ቅረጹ፣ በኋላ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

"ትንሽ እንይና እንወጣለን"

ዕቃ ሲጨመር ጊዜ ይሄዳል፣ ጊዜ ሲሄድ መንገዱ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ ያወደመው ሰደድ እሳት 85 ሰው ገድሏል፤ ሰዉ ሁሉ በአንዴ ሲወጣ መንገዶቹ በመኪና ተጨናንቀው ነበር፣ መኪናቸው ውስጥ የሞቱም አሉ። ጎርፍም ላይ ያው ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይወስዳል። "መኪናዬ ከፍ ያለ ነው" ብሎ መግባት አያዋጣም።

የቤት እንስሳ ካለ ማሰሪያው ወይም መያዣ ሳጥኑ በር አጠገብ ይቀመጥ፣ የፈራች ድመት በእጅ አትያዝም።

ሁሉም ሁሉንም ለማድረግ መሮጥ

ሦስት ሰው አንድ ሻንጣ ሲጎትት ሕፃኑን የያዘ የለም። ሥራው አስቀድሞ ይከፋፈል። ልጆቹን እገሌ፣ አያትን እገሌ፣ ቦርሳውን እገሌ። ያ ሰው ቤት ከሌለ ማን እንደሚተካውም ይወሰን። ልጆች ደግሞ ሲፈሩ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ይደበቃሉ፣ ቢጠሯቸውም ላይመልሱ ይችላሉ። ልጆቹን የሚያወጣው ሰው ክፍላቸው ውስጥ ካጣቸው መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው።